ሰባቱ አረንጓዴ ፓወር ባንኮች

ዑሙሰልማ ልትፈታው የተነሣችው ችግር አንድ ነበር፤ ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ውሸት መሆኑ።

ሱቋ ሞጣ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ትገኛለች። የምትሸጠው ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የሶላር መብራትና መብራት ሲጠፋ ስልክ የሚሞላ ፓወር ባንክ ነው። አንዱ ፓወር ባንክ ላይ፣ የሚይዘው ኃይል ሠላሳ ሺህ ተብሎ ተጽፏል። የአንድ ስልክ ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አምስት ሺህ ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪም አካፍሎ ስድስት ጊዜ እንደሚሞላ ይነግራችኋል። ገዢው ግን በሳምንቱ ይመለሳል።

«አንድ ጊዜ ከግማሽ ነው የሞላልኝ» ይላል።

«ቁጥሩን እኔ አልጻፍሁትም።»

«የሸጥሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ይህች መልስ እንቅልፍ አትሰጣትም ነበር፤ ምክንያቱም ትክክል ነች። ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ አስመጪውን አታውቀውም፤ ቆጣሪው ጀርባ ቆማ የምትታየው እሷ ብቻ ናት።

መፍትሔዋ በጣም ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም ነው ደስ የሚለው። ፓወር ባንክን እንደ ጀሪካን ቁጠሩት። ላዩ ላይ ሃያ ሊትር ተብሎ ቢጻፍም ውስጡን ማየት አትችሉም። የምትችሉት አንድ ነገር ነው። ሞልታችሁ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቧንቧ አፍስሳችሁ፣ እስኪያልቅ የፈጀውን ጊዜ መቁጠር። ዑሙሰልማ ቧንቧ ያደረገችው በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ ትንሽ አምፖል ነው። ፓወር ባንኩን ጥግ ድረስ ትሞላዋለች፣ ጠዋት አምፖሉን ትሰካበታለች፣ የጀመረበትን ሰዓት ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ሲጠፋ ደግሞ ያለቀበትን። ሁሉንም ዓይነት ሁለት ሁለት ጊዜ ትሞክራለች፤ አንድ ጊዜ የታየ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ይችላላ። ከዚያ ትንሽ ካርቶን ትቆርጥና በክር ታንጠለጥልበታለች፤ «በእኔ አምፖል፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ።» ስለ ሠላሳ ሺህ አንድም ቃል የለም።

ካርቶኖቹ ሱቁን ለወጡት። ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ካርቶን ማንበብ ጀመረ። የተመለሰ ዕቃም ለሁለት ወር ጠፋ። ለዑሙሰልማ ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ ካርቶኑ ቃሏ ሆነ።

ጎረቤቷ ሐብታሙ ነው። ሦስት ቴሌቪዥንና ሦስት ፕሌይስቴሽን ያለው ጌም ቤት አለው። የሁለቱን ቤት የሚለየው ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ እዚያ ጎል ሲገባ እዚህ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። አንድ የገበያ ቀን ዑሙሰልማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዲስ የመጣውን አረንጓዴ ፓወር ባንክ ለሙከራ ሰካችና ደብተሩ ላይ «2:00» ብላ ጻፈች። ከዚያ የአክስቷ ልጅ ኒካሕ ስለነበረ መሄድ ነበረባት።

«አምፖሉ ሲጠፋ ሰዓቱን ጻፍልኝ» አለችው ሐብታሙን።

«ምን ችግር አለው፣ እታለም» አለ።

በማግስቱ ደብተሩን ስትከፍት «1:30» ይላል። ከጠዋቱ ሁለት እስከ ምሽቱ አንድ ተኩል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው። እንዲህ የቆየ ዕቃ አይታ አታውቅም። ደግሞ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። በጣም ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ሁለተኛውን ሙከራ ተወችው። ካርቶን ቆርጣ ሰቀለች። በዐሥር ቀን ውስጥ ሰባት አረንጓዴዎች ተሸጡ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ከሰባቱ ገዢዎች አንዱ፣ የቢቸናው መምህር ፍቅረ ሥላሴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራቸው ዜና መስማትና ለሰፈሩ ማብራራት ነው።

«ልጄ፣ ያንቺ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ስንት ደቂቃ ነው?»

«ምነው መምህር፣ አስቸገረዎት?»

«እኔንስ ተይኝ፤ ሰፈሩን ነው ያስቸገረ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና ላይ ነፋስ ምሰሶ ጥሎ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። መምህሩ ካርቶኑን አምነው፣ ለሦስቱም ቀን ይበቃኛል ብለው ስልካቸውን በአረንጓዴው እየሞሉ ጎረቤቱን በር ላይ ሰብስበው የቀን ዜና ያሰማሉ። በሁለተኛው ቀን ዜና አንባቢዋ «ከነገ ጀምሮ የምግብ ዘይት ዋጋ…» እንዳለች ስልኩ ጠፋ። አረንጓዴው ባዶ ነው።

«ጨመረ ወይስ ቀነሰ ሳትል ሄደች» አሉ መምህሩ። «ዐሥር ሰው በር ላይ ተፋጠጠ። አንዱ በድምፅዋ መጨመሩ ያስታውቃል አለ። ሌላው ከዘንድሮ ወዲያ የቀነሰ ነገር የት አይተህ አለው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ዘይት ሊገዛ ወጣ። ሁሉም ሲወጣ ጊዜ ባለሱቆቹ እውነትም ጨመሩ።»

«በኋላስ? ዜናው ምን ነበር?»

«ዋጋው ባለበት ይቀጥላል ነው የሚለው። አሁን እኔ ቤት ያለው ዘይት ለድግስ ይበቃል፤ ድግስ ግን የለኝም።»

ዑሙሰልማ ሳቀችም፣ አፈረችም። ስልኩን እንደዘጋች ደብተሩን ይዛ ወደ ጌም ቤት ሄደች። ሐብታሙ የተበላሸ ጆይስቲክ ፈትቶ ብሎኖቹን በክዳን ላይ ደርድሯል።

«ይቺን አንድ ተኩል ከየት አይተህ ነው የጻፍኻት?»

«ከስክሪኑ። ጥግ ላይ ሰዓት አለው።»

ሁለቱም ቀና ብለው ቴሌቪዥኑን አዩ። 10:05 ይላል። በሱቋ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ግን አራት ከአምስት ነበር።

«ስትጽፍ ቀን ነበር ማታ?» አለች።

«ምሳ ልበላ ስል ነዋ። እኔማ ቶሎ አለቀ ብዬ ነበር ለራሴ።»

«ለራስህ ከምትል ለእኔ አትለኝም?»

«ጻፍ ነው ያልሽኝ፣ ንገረኝ አላልሽኝም።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስሕተቷን ላሳያችሁ፤ ቆንጆ ስሕተት ናትና። የስክሪኑ አንድ ተኩል በእኛ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ አረንጓዴው የበራው ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ሰባት ተኩል ሲሆን፣ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል። መጀመሪያው በግድግዳ ሰዓት፣ መጨረሻው በስክሪን ሰዓት ተጻፈና መሐል ላይ ስድስት ሰዓት በነፃ ተጨመረ። እኛ በየቀኑ በሁለት ሰዓት እንኖራለን። የስልኩን አይተን ስድስት ቀንሰን ወይም ጨምረን እንናገራለን፤ ማድረጋችን እንኳ አይታወቀንም። ሳይታወቅ የሚሠራ ሒሳብ ደግሞ ሲረሳም አይታወቅም።

ዑሙሰልማ ያን ዕለት ካርቶኖቹን ሁሉ፣ ትክክለኞቹንም ጭምር፣ ከመደርደሪያው አወረደች። ሰባቱም ገዢዎች ተገኝተው ዕቃው እስኪለወጥላቸው ድረስ አዲስ ካርቶን አትሰቅልም። አንዱ ቃል ውሸት ከሆነ ሌላውን ማን ያምናል?

ሐብታሙ ግራ ገባው። «የስማቸው ዝርዝር አለሽ?»

«የለኝም።»

«ስልክ ቁጥር?»

«የመምህሩ ብቻ።»

«ታዲያ በምን ልታገኚያቸው ነው?»

«ያሉትን አስታውሳለሁ» አለች።

እውነቷን ነው። ሰው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ ዝም ብሎ ገዝቶ አይወጣም። ዕቃውን እያገላበጠ ስለ ዶላር፣ ስለ ዜና፣ ስለ ዘመኑ ልጆች አንድ ነገር ይላል። ዑሙሰልማ መልክ ትረሳለች፤ ሐሳብ ግን አትረሳም። ደብተሩ ጀርባ ላይ ስድስት መስመር ጻፈች። «የፕሌይስቴሽኑ ዳኛ ዘመድ ስለሌለው ከእውነተኛው ዳኛ ይሻላል ያለው።» «ካሜራው አራት የሆነ ስልክ አራት ጊዜ የሚከፈልበት ውበት ነው ያለችው።» «ዶላር ሲጨምር የእኔ በርበሬ ምን አገባው ያለችው።» «ልጄ ጌም ሲጫወት ውሎ በእንግሊዝኛ ቆጠረልኝ ያለው።» «ዜና ከመጥፎው ተጀምሮ በደጉ ማለቅ አለበት ያለው።» «ዜና ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ነው የሚሰማ ያለው።»

የመጀመሪያውን ሐብታሙ ወዲያው አወቀው። «ምንይሉ ነዋ! በተሸነፈ ቁጥር ግን እሱ ራሱ ዳኛውን ይሳደባል።» ምንይሉ ጌም ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ፤ አረንጓዴውን መልሶ፣ ሁለት ጊዜ የተሞከረውን ጥቁሩን ወሰደ።

የበርበሬዋ ነጋዴ ዘሚራ እንደሆነች ዑሙሰልማ ገበያው ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ጠይቃ ደረሰችበት። ዘሚራ ሐሳቧን አልለወጠችም፤ እንዲያውም ጨመረችበት።

«አሁንም እላለሁ። በርበሬው የበቀለው እዚህ፣ የደረቀው እዚህ፣ የሚበላው እዚህ። ዶላሩ በየት በኩል ገባ?»

«በመኪናው ነዳጅ ገብቶ ይሆናል» አለች ዑሙሰልማ።

ዘሚራ አሰበች። «እሱስ ልክ ነሽ» አለችና ፓወር ባንኩን ከዘንቢሏ አውጥታ ሰጠቻት።

ያስቸገረችው ባለ አራት ካሜራዋ ናት። ብሩክታይት ትባላለች፣ ልብስ ሰፊ ናት። ሰዎች አመላክተዋት ዑሙሰልማ ስትደርስ፣ ብሩክታይት አራት ካሜራ ባለው አዲስ ስልክ የሰፋችውን ቀሚስ ፎቶ እያነሣች ነበር።

«እኔ? እንዲያ አላልሁም።»

«ቆጣሪው ጋ ቆመሽ ነበር እኮ። አራት ጊዜ የሚከፈልበት ውበት አልሽ።»

«የሌላ ሰው ይሆናል። አሁን ይኸን ቀሚስ እይው፤ በአንድ ካሜራ እንዲህ ይወጣ ነበር?»

ዑሙሰልማ ክርክሩን ትታ አረንጓዴ ፓወር ባንክ እንዳላት ብቻ ጠየቀቻት። አለኝ አለችና አውጥታ በጥቁሩ ለወጠች። ሐሳብ ሊለወጥ ይችላል፤ አረንጓዴው ግን አረንጓዴ ነው።

የጉንደ ወይኑ ገበሬ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ የቆጠረለት፣ ለገበያ ሲመጣ ተገኘ። የሆነውን ሁሉ በትዕግሥት ነገረችው። በትዕግሥት ሰማት።

«ስለዚህ አምስት ሰዓት ተኩል ነው የሚያበራ?»

«አዎ፣ በእኔ አምፖል። ብርህን ልመልስልህ ወይስ ጥቁሩን ትወስዳለህ?»

«አልመልስም። እኔ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እተኛለሁ፤ ለእኔ ተርፎኛል። ወረቀቱን ብቻ አስተካክይልኝ፤ ልጁ ያነበዋል።»

ካርቶን ቆርጣ «አምስት ሰዓት ተኩል» ብላ ጻፈችለት። ይህ ሰው በጣም አስደነቃት። የተቸገረው በዕቃው ማነስ አልነበረም፤ የፈለገው እውነተኛውን ቁጥር ብቻ ነው። ስለ ዜናው ቅደም ተከተል የሚከራከረው ደግሞ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ጥቁሩን ወሰደ፣ «ከመጥፎው ጀምረሽ በደጉ ጨረስሽ» ብሎ አመሰገናት። የመምህር ፍቅረ ሥላሴን ጥቁር ምትክ ቢቸና ያደረሰላት ይኸው ረዳት ነው።

ስድስቱ እንዲህ አለቁ። የቀረው ዜና ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ነው የሚሰማ ያለው ሰውዬ ነው። ቢቸና መስመር የሚሳፈር መንገደኛ እንደነበረ ታስታውሳለች፤ ሌላ ምንም። መምህር ፍቅረ ሥላሴ እንዲያፈላልጉላት ጠየቀቻቸው፤ በሁለተኛው ቀን ደወሉ።

«እንደዚያ የሚል ሰው አግኝተው ይሆን፣ መምህር?»

«ዐሥራ አንድ አግኝቻለሁ።»

«ዐሥራ አንድ?»

«ከዘይቱ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚለው። አረንጓዴ ነበረህ ወይ ስላቸውም፣ ምትክ እንዳለ ሰምተው ሁሉም ነበረኝ ይላሉ። ዜና ሳሰማ በሩ ላይ የሚቆምልኝ ሰው እንኳ ቀንሷል።»

ዑሙሰልማ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ነገሩን እንደ ሙከራ ያዘችው። አንድ ሐሳብ ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ አይበቃም ማለት ነው። ሰውዬው ያን ቀን ሌላ ምን ምን እንዳለ ቁጭ ብላ አስታወሰች። ከድሮው ባለ ቁልፍ ስልክ ጋር የሚሄድ ገመድ ጠይቋታል። ብርን በእንስሳ እንጂ በባንክ አላስቀምጥም ብሏል። ከግድግዳው ማዶ ጎል ሲገባ ደንግጦ፣ እውነተኛ ኳስ መስሎት ማን ከማን እንደሚጫወት ጠይቋል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች አወጣች፤ የትኛውን ስልክ ይይዛሉ፣ ገንዘብ የት ያስቀምጣሉ፣ ሞጣ ውስጥ የጨዋታ ድምፅ አስደንግጦዎት ያውቃል ወይ።

ዛሬ ጠዋት መደርደሪያዋ አሁንም ካርቶን የለውም። ሱቁን ለሐብታሙ አደራ ብላ ጥቁር ፓወር ባንክ በቦርሳዋ ይዛ ቢቸና ወርዳለች። መምህሩ ዐሥራ አንዱን ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ በአግዳሚ ላይ ደርድረው ጠብቀዋታል። አምስቱን ጠይቃ ጨርሳለች። አራቱ የሚነካ ስልክ ነው የያዙት። አምስተኛው ባለ ቁልፍ ስልክ አለው፣ ገንዘቡንም በበግ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሞጣ ግን ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዑሙሰልማ ስሙ ጎን ጭረት አድርጋ ስድስተኛውን ሰውዬ ጠጋ እንዲሉ እየጠየቀቻቸው ነው።