ደጋሿ ያልተቀመጠችበት አልበም

የልጅ ልጄ የራፕ አልበም ሠርታ «አባባ፣ ቁጭ ብለህ ስማልኝና የተሰማህን ንገረኝ» ስትለኝ የቀለደች መስሎኝ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ያቋረጥኩ፣ ዕድሜዬን ቀራንዮ ቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ ስሰፋ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ሂፕ ሆፕ የማውቀው ነገር ቢኖር ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ከኋላ የተቀመጡ እናቶች «ኧረ ቀንሰው ልጄ» እንደሚሉ ነው። አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው ብያለሁ።

እሷ ግን አልቀለደችም። አንተ ነው የምትለኝ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ እርስዎ የሚባል ነገር በመካከላችን አልገባም። ስልኳን ከአንዲት ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝታ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

«ዓርብ ይለቀቃል» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ምን ቀረሽ?»

«መጨረሻው ላይ አንተ ትመርቅልኛለህ። ሐሙስ እንቀዳሃለን። የመጨረሻው እንግዳ አንተ ነህ።»

ሳቅሁ። ደስ ግን አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

አልበሙ የተሠራው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ሰርቪሱ ቤት ነው። ግድግዳውን ባረጀ የስፖንጅ ፍራሽ ሸፍናዋለች። በሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ወፍራም መጋረጃ ከሁለት ብርድ ልብስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ከአጥሩ ወዲያ በርና መስኮት የሚበይዱ ልጆች ስላሉ ብረት መቁረጥ ከጀመሩ ፍራሽም መጋረጃም አያድንም። ስለዚህ የሚቀዱት በያጆቹ ምሳ ሲወጡ ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቆርቆሮው ጭራሽ አያስቀዳም። እንዲህ እንዲህ እያለች ዓመት ከምናምን ፈጀባት።

አልበሙ ያንድ ሰው አይደለም። ከበሮውንና ዜማውን፣ እነሱ ቢት የሚሉትን፣ የሠራችው እሷ ናት። በየዘፈኑ ላይ ግን የሚናገሩት እንግዶች ናቸው፤ አንዱ ላይ ሁለት፣ አንዱ ላይ ሦስት፣ አንዱ ላይማ ታክሲ የሞላ ሰው አለ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም የሷ ነው።

ለነገሩ እንግዳ የኔም ጉዳይ ነው። በእድራችን ውስጥ ድግስ ሲኖር፣ ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ሰው የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ፤ ጉልበቴ እምቢ እስኪል ድረስ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ነፋስ እንደማይስማማው፣ ማን ጥግ ካልያዘ እንደማይበላ አውቃለሁ። የመጨረሻው ሥራዬ ደግሞ ደጋሹን ማስቀመጥ ነበር። ደጋሽ መቼም በራሱ አይቀመጥም። «ኧረ ብሉልኝ፣ ምነው ነካ ነካ ብቻ» እያለ ሲዞር ይውላል። ሰዉ ሁሉ በልቶ ሲያበቃ ሄጄ ትከሻውን እይዝና አግዳሚው ላይ ቁጭ አደርገዋለሁ። ሳህን እሰጠዋለሁ። ሲጎርስ ካየሁ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹን በዓይኔ የምጠቅሳቸው። ከዚያ በፊት ምርቃት የለም። የእኛ ሰፈር ደንብ ይሄ ነው።

እና አልበሙንም እንደዚያው ሰማሁት፤ በር ላይ ቆሜ የሚገባውን እንደማይ ሆኜ።

የመጀመሪያው ልጅ ከበሮው ሳይጀምር ነው የገባው። ድንኳኑ ሳይተከል የሚደርስ እንግዳ አለ አይደል፣ ካስማ አብሮህ የሚመታ? እንደሱ ነው፤ ወደድኩት። ከሱ ቀጥሎ የመጣው የዓለም ባንክ ሰፈር ልጅ ነው አሉ። ሲናገር ትንፋሽ አይወስድም፣ የመጨረሻው ታክሲ ጥሎት የሚሄድ ይመስላል። ግን አንዷም ቃል አልጠፋችብኝም፤ ጥርት አድርጎ ነው የሚሮጠው። አንዲት ልጅ ደግሞ ግማሹን በጉራጊኛ ግማሹን በአማርኛ ትላለች። ጉራጊኛውን ከጎረቤት ስለለመድኩት ገባኝ፤ ያክስቷን ቁጣ ነው የምትቀዳው፣ ቁርጥ አክስቷን ሆና። አንዱ መጥቶ ስሙን ብቻ ደጋግሞ ነግሮን ሄደ። እሱን በር አካባቢ አስቀምጠዋለሁ።

ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያደገ አንድ ልጅ አለ። እናቱ ከሚጣለው ውስጥ የቆመ የእጅ ሰዓት አግኝታ ታመጣለታለች። እሱን አስሮ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ልጆቹ ስንት ሰዓት ሆነ ሲሉት ትኩር ብሎ ያይና ሁልጊዜ «እረፍት ሊደርስ ነው» ይላቸዋል። ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ዘፈኑ አልፎ ሌላው እስኪጀምር እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ይሄን ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጎን ነው የማስቀምጠው።

ከሁሉም በኋላ ታዋቂው መጣ። ታዋቂ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ስሙ ሲነሳ ድምጿ ዝቅ ይላል። እውነትም ድምፁ ቤት ይሞላል። እግሬ ሳላዝዘው የስፌት መኪናዬን መርገጫ መርገጥ ጀመረ፣ ጨርቅ የለ ክር የለ። የሚለው ነገር ግን በብዛት ስለ ጫማው ነው። ከውጭ የመጣ ጫማ አለው፤ በሱ ዙሪያ ሲያዞረን ቆየ።

ይሄን ሁሉ ስሰማ ግን አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነበር። አዲስ ዘፈን በጀመረ ቁጥር አሁን ትገባለች፣ አሁን ትመጣለች እላለሁ። ስፒከሩ ጸጥ ሲል ገባኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ምን?»

«የት አለሽ?»

«ሁሉም ላይ አለሁ እኮ አባባ። ቢቱ በሙሉ የኔ ነው።»

«ወጡንማ ሠርተሻል፣ ጣፍጧል። የት ተቀመጥሽ ነው የምልሽ።»

የስልኳን መስታወት በቀሚሷ ጠርዝ ወለወለች።

«አንድ ነበረኝ። አወጣሁት» አለች። «ሰው ጠርቼ፣ ሥራቸውን ትተው መጥተው፣ እኔ መሀል ቤት ጉብ ብል ምን ይሉኛል? ደሞ ከዚያ ታዋቂ ቀጥሎ የኔ ድምፅ ሲመጣ... ተወው አባባ። እነሱ ካማረባቸው ይበቃኛል።»

«የትኛውን ነው ያወጣሽው? ስለ እናትሽ የምትይውን?»

ቀና ብላ አየችኝ። የማውቀው አልመሰላትም ነበር። ግቢ ውስጥ ባኞ ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ስታጥብ ከአፏ የሚያመልጣትን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፦

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ፌስታል ውስጥ ነው ጫማዋ፣
አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ነው የሚጀምር ከተማዋ።

ከዚህ አልፋ ግን ስትል ሰምቼ አላውቅም። «እሱን ነው» ብላ ብቻ ስልኳን ይዛ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን አልነጠፈም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ቦካ ማለት ነው። ልጄ፣ የዚች እናት፣ መሀል ከተማ ልብስ መደብር ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ ጭቃ ተጫምቶ እዚያ መግባት አይታሰብም። ጠዋት ቦት ጫማ አድርጋ፣ ደህና ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ ትወጣለች። ፌርማታው ጋ ስንደርስ እኔ ትከሻዬን እሰጣታለሁ፤ እሱን ይዛ በአንድ እግሯ ቆማ ትቀይራለች። ቦቱን እኔ ይዤ እመለሳለሁ። ማታ ደግሞ ልጅቷ፣ የልጅ ልጄ፣ ቦቱን ይዛ ፌርማታው ላይ ትጠብቃታለች። የዚያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚህ ነበር፤ ማታ ማታ ፌርማታው ላይ የቆመው ልጅ ሁሉ የሰው ጫማ ያቀፈ ነው።

አንድ ማታ እናቷ ከታክሲ አልወረደችም። ሥራ ቦታ ወድቃ ሆስፒታል ወስደዋት ነበር፤ ከዚያም ወደ ቤት አልተመለሰች። ወሬው እንደደረሰኝ ሮጬ ስወጣ ልጅቷን ያገኘኋት እዚያው ቆማ፣ ቦቱን በሁለት እጇ አቅፋ ነው። ስለዚያች ማታ እኔም አላነሳሁ፣ እሷም አላነሳች። ይኸው አድጋ፣ አልበም ሠርታ፣ ሊወጣ ዓርብን ሲጠብቅ፣ ያንን ቦታ ባዶ ትታዋለች። እንግዳ ስለበዛ።

ሐሙስ በያጆቹ ለምሳ ሲወጡ ልጆቹ መጡ። ሰርቪሱ ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ቆሙ፤ እሷ ለስላሳ ታድላለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች፣ «ጠጡ እንጂ» ትላለች። ታዋቂው በመጋረጃዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባና ጉልበቴን ሊስም ሲል ትከሻውን ያዝኩት። ጨዋ ልጅ ነው።

«አባባ፣ ሰምተውታል አሉ። የኔ እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ድምፅህ ቤት ይሞላል፣ ይባረክ» አልኩት። «ጫማህን ግን ትንሽ አበዛኸው።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «ኧረ ተበላህ!» አለ የዓለም ባንኩ። «በአባባ ዲስ ተደረግክ! ከእንግዲህ በባዶ እግርህ ሂድ!»

«ውድ ስለሆነ እኮ ነው አባባ» አለ ታዋቂው፣ እሱም እየሳቀ።

ከዚያ ማይኩን ወደኔ አመጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ያሰናዳሁት ረጅም ምርቃት ነበረኝ። እሷ ጥግ ላይ ቆማ፣ የለስላሳውን ሳጥን እንደያዘች፣ ጀምር ብላ በአንገቷ ምልክት ሰጠችኝ።

«አልመርቅም» አልኩ።

«አባባ!»

«ደጋሿ ቆማ ምርቃት የለም። እኔ ስንት ዓመት ሰው አስቀምጫለሁ፣ ደንቡን አሁን አላፈርስም።»

ልጆቹ ተያዩ። የቆሼው ልጅ ቀድሞ ገባው። «አባባ እውነታቸውን ነው» አላት፤ «የት አለ የአንቺ? አለሁበት ብለሽ አይደል እንዴ የጠራሽን?»

«ቦታ የለም፣ ሞልቷል...»

«እኔ እንደውም የመጣሁት አንቺን ብዬ ነው» አለ ታዋቂው። «ማን ነው የሞላብሽ? እኔ ከሆንኩ ልውጣ።»

ሳጥኑን ከእጇ ወሰድኩባት። ከበረንዳው የስፌት ዱካዬን አምጥቼ ማይኩ ሥር አደረግሁ። እንደ ድሮው ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ቀላል ናት፤ ትንሽ ተቃወመችኝ፣ ከዚያ ተቀመጠች። ማይኩን ዝቅ አደረጉላት።

«ድምፄ ይሰበራል አባባ» አለችኝ በጆሮዬ።

«ይሰበር። ማን አለ እዚህ?»

ከአጥሩ ወዲያ የበያጆቹ ድምፅ ተሰማ፤ ምሳቸውን ጨርሰዋል። ባለ ጉራጊኛዋ ልጅ ሮጣ ወጣች። በአጥሩ በኩል ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፣ የአክስቷን ቁጣ ሳትጠቀም አልቀረችም፤ ብረቱ ዝም አለ።

ከበሮው ገባ። ጭቃውን አለች፣ ፌስታሉን አለች፣ ከተማዋን አለች። ከዚያ ሰምቼው ወደማላውቀው ተሻገረች፦

ፌርማታው ላይ ቆሜ ነበር፣ የጭቃ ጫማዋን ይዤ፣
ታክሲ ሲመጣ ቀና ብዬ፣ ታክሲ ሲያልፍ ተክዤ።

«ተክዤ» ላይ ድምጿ ተሰበረ። ግን አላቆመችም፤ ከበሮውን ትንሽ አሳልፋ ያዘችውና እስከ መጨረሻው ሄደች። መጨረሻው ላይ አንድ ሽማግሌ በጭቃ ውስጥ ሮጦ ይመጣል፣ ጫማውንም እሷንም አንድ ላይ ይሸከማል። ተሸክሜያት እንደነበር እኔ ረስቼው ነበር።

ሲያልቅ እሷ ቶሎ ብላ «እደግመዋለሁ፣ ያቺን ቦታ ላስተካክላት» አለች።

«እንዳትነኪያት!» አለ የዓለም ባንኩ።

ታዋቂው ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ያያል። ቆይቶ «የኔን ጫማ ከዘፈኑ አውጪልኝ» አለ። «ነገ ጠዋት መጥቼ ሌላ እቀዳለሁ። ሙች፣ አሳፈርሽኝ።»

«አይወጣም» አለችው፣ ዓይኗን በመዳፏ እያበሰች። «እንግዳ የሚለውን ይላል።» በዚያ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፣ ከዱካው ሳትነሳ።

«እሺ አባባ፣ ተራዎ ነው» አሉኝ።

ረጅሙን ምርቃት ፈለግሁት፣ አጣሁት። እንደ ድንኳኑ ጊዜ እጄን ዘረጋሁ። ልጆቹም ኮፍያቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ወደ ላይ አደረጉ፤ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። አፌ ላይ የመጣው ይሄ ብቻ ነው፦

«እግርሽ ደረቅ መሬት አይጣ። ፌርማታሽ ላይ የሚጠብቅሽ ሰው አትጪ።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ከአጥሩ ወዲያም፣ ዝም ብለው ሲሰሙ የቆዩት በያጆች፣ «አሜን» አሉ። እሱም አብሮ ተቀድቷል። ዓርብ ሲወጣ ሰማሁት፤ አላወጣችውም።