በግንብ መግደል

በቀበሌያችን የቼዝ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ስቀመጥ እንደማሸንፍ ጥርጥር አልነበረኝም። ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በዚያ ዓመት ከቁስቋም እስከ ዊንጌት የሚቋቋመኝ አልነበረም። ተጋጣሚዬ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጀ ፈጣን። በግማሽ ነጥብ ስለሚበልጠኝ አቻ ብንወጣ ቀበሌያችንን ወክሎ በከተማው ውድድር የሚጫወተው እሱ ነው። እኔ የግድ ማሸነፍ ነበረብኝ፤ ከዚያ ሌላ የምመኘው ነገርም አልነበረም።

አባቴ ከኋላ አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ቼዝን፣ በእሳቸው አጠራር ሰንጠረዥን፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው አንድ ባላባት ግቢ ሲያገለግሉ ነው የተማሩት፤ በዚያ በደርግ ዘመን ይህን ከቤት ውጭ አናነሳውም ነበር። የእሳቸው ጨዋታ ወግ አለው። «ንጉሥን በግንብ መግደል ነውር ነው፤ ጨዋ ሰው በወታደር ይገድላል» ይሉኝ ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተጫወትን በኋላ ሸማኔው ከባዶ ንጉሥ በቀር ምንም አልቀረውም። እኔ አንድ ግንብና አንድ ወታደር አለኝ። ግንቤን ወደ ጥግ ባወርደው ማት ነው፣ አለቀ። አዳራሹ ሁሉ አይቶታል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ግን አባቴ እያዩኝ በግንብ? እጄ ወደ ግንቡ ሄዶ ሳይነካው ተመለሰ። በሚቀጥለው በወታደር ልገድል ብዬ ወታደሬን አንድ እርምጃ ገፋሁና በኩራት ሰዓቱን መታሁ።

ሸማኔው ቦርዱን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየ።

«የምሄድበት የለኝም» አለ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው። ንጉሡ አልተጠቃም፤ ግን የሚረግጠው ካሬ አልተውኩለትም።

«ጓዶች፣ በሕጉ አቻ ነው!» አለ ዳኛው። ወደ ከተማው ውድድር የሚሄደው ሸማኔው ሆነ።

ዳገቱን ይዘን ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ «በግንብ አልቆለት አልነበረም እንዴ? ምን ነካህ?» አሉኝ።

«ነውር ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ!» ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ በአባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቆም አሉ። «እኔንም እንዲያ ያሉኝ ጌታዬ ናቸው» አሉ።

«መቼ?»

«አንድ ቀን በግንብ ልገድላቸው ስል።»

«ከዚያ ወዲያስ አሸንፈዋቸው ያውቃሉ?»

«ኧረ እንዴት ብዬ!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ንዴቴ ሁሉ ከእሳቸው ላይ ተነሥቶ ወደማላውቀው ባላባት ዞረ።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሸማኔ በግንብ ገደልኩት። ከማንም ቀድመው ያጨበጨቡት አባቴ ናቸው።