ናፍታ የመጣ ጊዜ

አባባ ከየካ ሚካኤል በታች ትንሽ ዳቦ ቤት ነበረው። ምድጃው የሚነደው በባሕር ዛፍ ነው። እንጨቱን ከእንጦጦ በጀርባዋ አውርዳ የምታመጣልን አንዲት ሴት ነበረች፤ እኛ ቤት «የእንጦጦዋ» ነው የምትባለው። ሸክሟን አውርዳ ሳትጨርስ ቀልዷን ትጀምራለች። «ጋሼ፣ ዳቦው ጾም ያዘ እንዴ? ከሳብኝ እኮ!» ስትለው አባባ እየሳቀ ከትኩሱ ሁለት ይጨምርላታል። እኛ እስላም ነን፣ እሷ የራጉኤል ሰው ናት። ዒድ ሲሆን ግን ከጎረቤት ሁሉ ቀድማ እንኳን አደረሳችሁ የምትለን እሷ ነበረች።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ እሁድ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራና መንግሥት ለትንንሽ ዳቦ ቤቶችና ለቀበሌው አረጋውያን መጦሪያ በቅናሽ ናፍታ ሊሰጥ ነው ተባለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ደኑ እያለቀ ስለሆነ ግን ናፍታ የሚያገኘው እንጨት ማንደድ የተወ ብቻ ነው። አባባ ቤት የደረሰው እየበረረ ነው።

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለች እማማ።

«አንቺ ደግሞ! የመጣ ሲሳይ ይገፋል እንዴ?»

ግንበኛ መጣ፣ የድሮው ምድጃ ፈረሰ፣ የናፍታ ማንደጃ ተገጠመ። የእንጦጦዋ እንደ ልማዷ ስትመጣ በራችን ላይ በርሜል ቆሞ አገኘች። ሸክሟን ሳታወርድ አየችው፣ አየችውና፣ «እኔስ ጋሼ?» አለች።

«አይዞሽ፣ አንቺ ደንበኛ አታጪም» አላት አባባ። ሁለት ዳቦም ሰጣት። ተቀብላ ከነሸክሟ ወደ ሾላ ገበያ ሄደች። አባቴን እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምወደው፤ ያቺን «አይዞሽ» ባስታወስኩ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ንድድ ይለኛል። ምን ነበር ቁጭ ብሎ ቢያዋያት!

ናፍታው ክረምቱን አልዘለቀም። መጀመሪያ ኮታው ተቀነሰ፣ ቆይቶ ደግሞ «ናፍታው ለግንባር ነው» ተባለና ጭራሽ ቀረ። ለግንባር ከተባለ ማን አፉን ይከፍታል? የተቦካ ሊጥ እየኮመጠጠ ተደፋ። እማማ እንኳ «አላልኩም?» ለማለት አንጀቷ አልቻለም። አባባ ምድጃውን መልሶ ለእንጨት አስጠገነና፣ «ነይ እስቲ፣ የእንጦጦዋን ፈልገን እንለምናት። ከሷ ሌላ በዱቤ የሚያመጣልኝ የለም» አለኝ።

ዳገቱን ጭቃ ለጭቃ ወጣን። ከሰፈሯ አፋፍ ላይ ድንች የሚኮተኩት ሰውዬ አግኝተን ቤቷን ብንጠይቀው መኮትኮቻውን አቆመ።

«አልሰማችሁም? ሞታለች እኮ» አለን። «እዚያ ታች የነበረ ደንበኛዋ ከተዋት ወዲህ ሾላ ድረስ ነበር የምትሸከመው። የደን ጠባቂዎቹን ስትሸሽ በገደሉ በኩል ትወርዳለች። ዝናብ ነበር፣ አዳለጣት። ሸክሙ ላይዋ ላይ ወደቀባት።»

አባባ «ያ ረቢ!» ብሎ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። እንመለስ ብለውም አልሰማኝም፤ ተነሳና ሰውዬው ወዳሳየን ጎጆ ሄደ።

ቤት ውስጥ አሮጊት እናቷ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። በደጃፉ የታሰረ እንጨት ተደርድሯል፤ አባባ አየት አድርጎት ገባ።

«ማን ልበል?» አሉት።

«ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ ከየካ» አለ። «ልጅዎ እንጨት ታመጣልኝ ነበር። ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። እግዜር ያጥናዎት።»

አሮጊቷ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። «ዕድሜዋን ሙሉ ለከተማው ተሸክማ ኖራ፣ ከዚያ አንድ ሰው እንኳ ብቅ ሳይል ቀረ ብዬ እንዴት አዝኜ ነበር! ለካስ ልጄ ሰው ነበራት» ብለው አለቀሱ።

አባባ አብሯቸው አለቀሰ። ስለ እንጨት ግን ትንፍሽ ሳይል ተነስቶ ወጣ። ዳቦ ቤቱን በዚያው ሳምንት ዘጋነው።