እናቴ አፏን ሳትሸፍን የሳቀችበት ፎቶ

እናቴ ካሜራ ፊት ስትቆም የባንዲራ መዝሙር የሚዘመር ነበር የሚመስለው። እጇን ወደ ታች ትዘረጋለች፣ አገጯን ትሰበስባለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች።

"እማ፣ ተንፍሺ እንጂ!"

"አንቺ ዝም ብለሽ አንሺ። ከተንቀሳቀስኩ ይበላሻል።"

በስልክ እንደማይበላሽ ስንቴ ነገርኳት። ለሷ ግን ፎቶ ማለት ልጅ ሆና ሁሩታ ገበያ ላይ መጋረጃ ሰቅሎ ከሚያነሳው ሰውዬ የተማረችው ነገር ነው። ትታጠቢያለሽ፣ ፀጉርሽን ትቀቢያለሽ፣ ነጠላ ትደርቢያለሽ፣ ከዚያ ትደርቂያለሽ። ወጥ እያማሰለች ስልኬን ካየች ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ትታ ነጠላ ፍለጋ ትገባለች። እስክትመለስ ወጡ ያራል። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ ትቻት እወጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አሰላ ስመለስ ስልኬ ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም። የጭላሎ ተራራ በጉም፣ ጭላሎ ያለ ጉም፣ የጎረቤት በግ፣ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ። የሷ ፎቶዎች ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ሁሉም መታወቂያ ናቸው።

ሌላም ምክንያት ነበራት። በግራ በኩል ከላይ አንድ ጥርስ የላትም። እኔ ሳልወለድ ነው የተነቀለው። በሱ የተነሳ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ቢሮም፣ ሠርግም፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን እንኳን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ከኔ የምትደብቀው ጥርስ ምን እንደሆነ አላውቅም። የናቴን ሳቅ የማውቀው በትከሻዋ ነው። ዓይኖቿ ከእጇ በላይ ይጠባሉ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ አለቀ።

"ለምን አታስተክዪውም?" ስላት፣

"አሁን ለማን ብዬ?" ትለኛለች።

ልደቴ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፣ የገና ፆም ሳይገባ። እናቴ በዚህ ትኮራ ነበር። "ቅቤ የሚበላበት ቀን አይቼ ነው የወለድኩሽ" ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሥራ። የራሷን ልደት ግን አታውቀውም። ገብስ ሲታጨድ ተወለድሽ ተብላለች፣ ከዚያ ውጪ ማንም የያዘው የለም። የተመረቅኩ ዓመት ታዲያ፣ ሥራ የለኝም፣ ቤት ቁጭ ብዬ ሁሉም ነገር ያናድደኛል፣ "ዘንድሮ ያንቺንም የኔንም አንድ ላይ ነው የምናከብረው" አልኳት።

"በዚህ ዕድሜዬ ሻማ እፍ ልበል?"

"እኔ እፍ እልልሻለሁ።"

ኬክ ከኬክ ቤት ልናመጣ ነበር ሐሳቤ። እሷ ግን ኬክ ቤት የሚገባ ሰው ጠላቷ ነው። "ስኳር በአየር ነፍተው ይሸጡልሻል" አለችና ጭኮ ልታሽ ተነሳች። ጭኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ እስኪጠግብ ድረስ የሚታሽ። አርሲ ለክብር እንግዳ ነው የሚቀርበው። እናቴን ያስተማሯት ጎረቤታችን ናቸው። አዴ ነው የምንላቸው። ያን ቀንም ቅቤውን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው፣ ማድ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ።

"ኢንታላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ዲግሪው ጭኮ ማሸት ያስተምራል?"

"አያስተምርም አዴ።"

"ታዲያ ምን ያደርግልሻል?"

"ግድግዳ ይጠብቅላታል" አለች እናቴ። የምርቃት ፎቶዬን ሳሎን ሰቅላው ነበር። ፎቶ ቤቱ ከጀርባዬ ፏፏቴ አስገብቶ፣ ፊቴን አንጥቶ እንቁላል ያስመሰለኝን። እኔ ስጠላው እሷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳየዋለች።

በማድ ቤቱ በር ፀሐይ ገብቷል። ጉሙ ገና መነሳቱ ነበር። ነጠላዋ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ በቅቤና በዱቄት ተለውሷል። ስልኬን ይዤ ስዞራት አላየችኝም። የሆነ ነገር አልኳት። ሳቀች። እንደ ልማዷ እጇን ወደ አፏ አነሳችና ቅቤውን አይታ መሀል ላይ አቆመችው። መሸፈኛ አጣች። ስለዚህ ዝም ብላ ሳቀች፣ አፏን ከፍታ፣ ክፍተቱም ድዷም እየታየ፣ እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ። አነሳኋት።

"አጥፊው!"

"አላጠፋም።"

"ጥርሴ! አጥፊው ብያለሁ አንቺ ልጅ!"

"አላጠፋም። ከፈለግሽ ተጣዪኝ።"

በክርኗ ልትመታኝ ስትከጅል አዴ ስልኩን ተቀብለውኝ ራቅ አድርገው አዩት። "ይቺ ናት!" አሉ። "ሌላዋን ማን ነው ያመጣብን?"

እናቴ እጇን ታጥባ መጣችና ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፋችው፣ በቀጥታ ጥርሱ ጋ። ብዙ አየችው።

"ለሰው እንዳታሳዪ ብቻ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሻማውን ጭኮው ላይ ስንሰካው ቅቤው አልይዝ ብሎት ወደ ጎን ተኛ። እፍ ሳንል ጠፋ። ሦስታችንም ሰሙን እየለቀምን በላን።

ከገና በኋላ ይደክመኛል ማለት ጀመረች። ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ጉበት ነው አሉን። አዳማ ወሰድኳት፣ አዲስ አበባ ወሰድኳት፣ መልሳችሁ ቤት ውሰዷት አሉን። እሱን አልጽፍም፣ ሆስፒታል ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል። የምጽፈው ምግቡን ነው። እኔ ማድ ቤት እሠራለሁ፣ እሷ መኝታ ቤት ሆና ሽታውን እያሸተተች ታርመኛለች። "ሽንኩርቱ ገና ነው!" ትለኛለች በዚያች በደከመች ድምጿ። "ውሃ ቸኩለሽ አትጨምሪ!" ሽንኩርቱ እውነትም ገና ነው። አብስዬ ሳቀርብላት አንድ ጉርሻ ትቀምስና "ጥሩ ነው" ትላለች፣ ከዚያ አትበላም። ጥሩ ነው ስትለኝ ነው ልትሞት እንደሆነ የገባኝ። ጤነኛ ሆና የኔን ወጥ ጥሩ ነው ብላ አታውቅም።

ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ሞተች።

እድርተኛው ድንኳን እየተከለ ታላቅ እህቷ ከሁሩታ ደረሱ። አልቅሰው ሲያበቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ ፎቶ ነው። እኛ ጋ ያለ ፎቶ ለቅሶ የለም። ፎቶው በትልቁ ወጥቶ ድንኳን መሀል ይቆማል፣ ዘመድ እየተነሳ ያቅፈዋል፣ እሱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። አስለቃሹ ፎቶው ነው ማለት ይቻላል።

አክስቴና እኔ ፎቶ ቤት ሄድን። እሳቸው የናቴን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ይዘዋል። እኔ ስልኬን ይዣለሁ። ለሰው እንዳታሳዪ ያለችኝን አልረሳሁትም። ግን የሚለቀስላት እሷ ናት፣ ሌላ ሰው እንዲለቀስለት አልፈለግኩም። ከፍቼ ለፎቶ ቤቱ ልጅ ሰጠሁት።

"ይሄ ይሠራል" አለ ልጁ። "ጥርሱን እሞላዋለሁ። ሻሹን ወደ ፊት አመጣዋለሁ። ከጀርባዋ ያለው ጀሪካን ይጠፋል። እጁ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ከደረት ነው የምቆርጠው።"

"ምን ቀረ ታዲያ?" አልኩት።

"ፊቷ።"

"ፊቷ ያ ነው!"

አክስቴ ስልኩን ጎንበስ ብለው አዩና ወዲያው ቀና አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ለቅሶዋ ላይ ጥርሷን ገልፍጣ ሰው ትቀበል?"

"እትዬ፣ እንደዚህ ነው የምትስቀው።"

"እንደዚህ ስቃ አታውቅም። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።"

ደክሞኝ ነበር። ሰው ድንኳን ውስጥ እየጠበቀ ነው። መታወቂያውን ልጁ ከአክስቴ ተቀበለ። ልጁ ማዲያቷን ጠረገ፣ ቆዳዋን አነጣ፣ ወርቀ ዘቦ ካባ ደረበላት፣ ከጀርባዋ ሰማያዊ ሰማይ አደረገ። አፏ ግጥም ብሏል። የሚኒስትር ሚስት መሰለች።

ድንኳን ውስጥ ያንን ፎቶ አቅፈው ሲያለቅሱ እኔ አንድ ጠብታ አልወጣኝም። ሰው "ደርቃ ቀረች፣ ድንጋጤ ነው" እየተባባለ ውሃ ያመጣልኛል። ድንጋጤ አይደለም። ሴትየዋን አላውቃትም። አዴ ገብተው ፎቶውን ቆመው አዩት፣ ከዚያ እሱን አልፈው መጥተው እኔን አቀፉኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከአርባዋ በኋላ አክስቴ ለጥቂት ጊዜ እኔ ጋ ሰነበቱ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ይመጣና "እንዴት ቆንጆ ነበረች!" ይላል። እየቆየ የሆነ ነገር መጣብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እናቴን ላስብ ስል የምትመጣው ካባ የለበሰችው ሆነች። ማድ ቤት ሳስባት እንኳን ካባ ለብሳ ነው። ደነገጥኩ። አንድ ጠዋት ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

"ምን ማድረግሽ ነው?" አሉ አክስቴ ከኋላዬ።

"እሷን አይመስልም።"

"እና?"

"እናማ አልፈልገውም! እኔ እናቴን ነው የምፈልገው፣ ይቺን ሴትዮ ማን ናት ብዬ በየቀኑ አያታለሁ?"

ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

"ስሚ" አሉ። "ያ ጥርስ ሲነቀል አብሬያት ነበርኩ። ልጅ ነበረች። ከዚያ ጀምሮ እንደዚህ ለመምሰል ነው ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችው። አፏን ይዛ፣ ነጠላዋን አስተካክላ። ይሄንን ብታየው ምን የምትል ይመስልሻል?"

ምን እንደምትል አውቃለሁ። ደስ ነበር የሚላት። ከነሰማዩ፣ ከነካባው። የምርቃት ፎቶዬ ጎን ራሷ ትሰቅለው ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳየው ነበር። ይሄ በጣም አናደደኝ፣ ግን እውነት ነው። እኔ የምወዳት ፊቷና እሷ የምትወደው ፊቷ አንድ አይደሉም፣ ግድግዳው ደግሞ የሷ ቤት ግድግዳ ነው። ወንበሩ ላይ ተመልሼ ወጣሁና ሰቀልኩት። አክስቴ ከታች "ወደ ቀኝ፣ ትንሽ፣ በቃ" አሉኝ።

ስወርድ እጃቸውን ዘርግተዋል።

"እስቲ ያንን ስጪኝ።"

"የቱን?"

"የስልኩን። ያኔ በደንብ አላየሁትም።"

ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ያዙት። ስልኩ ሲጠፋ ክፈቺልኝ ይሉኛል፣ እከፍትላቸዋለሁ፣ ደግሞ ይጠፋል። ፈገግ እያሉ ነበር፣ እንባቸው ግን ነጠላቸው ላይ ይንጠባጠባል።

"ምን ብለሻት ነው እንደዚህ የሳቀችው?" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። የበሩን ፀሐይ አስታውሳለሁ። የቅቤውን ሽታ፣ የኮሰረት፣ የኮረሪማ። አዴ ዱካው ላይ እንዴት እንደተቀመጡ። ሚስማሩ ላይ ያለው ነጠላ የትኛው እንደሆነ ሁሉ አስታውሳለሁ። ያልኳትን ግን ፈለግኩት፣ የለም። ተራ ነገር ይሆናል፣ የቀልድ ነገር፣ በሰከንድ የሚወጣ። አዴንም በኋላ ጠየቅኳቸው፣ አላስታወሱም። የምታስታውሰው እሷ ነበረች።

አክስቴ አሁንም እየጠበቁኝ ነው።

"አላውቅም እትዬ" አልኳቸው። "ጠፋኝ።"