ለድመት የተተከለ ድንኳን

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን ዕድር ድንኳን የተተከለው ለድመት ነው። ነቀምት ይህንንም አሳየችኝ።

ጎረቤቶቼ ከውጭ የመጡ ሚስዮናውያን ባልና ሚስት ናቸው። ሚስትየዋ በር ላይ ቆማ "ከቤተሰባችን አንዷ ሞተችብን" እያለች ስታለቅስ የዕድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ቶላ ሰሙ። የሚያለቅስን ሰው ደግሞ ማን ዝርዝር ይጠይቃል?

ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ሴቶቹም እንባቸውን አወረዱት።

ያኔ ባልየው የጫማ ካርቶን ታቅፎ ወጣ። ድመቷ ውስጥ ናት።

እኔ በንዴት ድንኳኑ ይነቀል አልኩ። ኦቦ ቶላ ግን "ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ሴትየዋ እኮ እያለቀሰች ነው፤ ተቀመጡ" አሉን። ተቀመጥን።

ከቢሮ የወጣሁት ለቅሶ አለብኝ ብዬ አስፈቅጄ ነው። ነገ አለቃዬ "ማን ነው የሞተብሽ?" ሲለኝ ምን ልበለው? እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ካለ እስቲ ይምከረኝ።