ጎዴሊቭ ያፈሰሰችው ውሃ

ጎዴሊቭ በኮርትሬይክ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት አዋላጅ ነበረች። ሥራውን ስትጀምር በሹማምንቱ ፊት እጇን አንሥታ ምላለች፤ የተወለደውን ሕፃን ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ለቄሱ ልትናገር። ያኔ መሐላው አልከበዳትም። የከበዳት በስተርጅና፣ ከእኛ ጋር በተልባ መጋዘን ውስጥ በድብቅ መሰብሰብ ከጀመረች ወዲህ ነው። እኛ የምናጠምቀው አምኖ የመጣውን አዋቂ እንጂ ሕፃን አይደለም። አንምልም፤ አንዋሽምም። ብዙዎቻችን የተያዝነው ሲጠይቁን እውነቱን ስለተናገርን ነው።

የወንድማችን የሸማኔው የዮስ ሚስት ታነከን ስትወልድ ያዋለደቻት እሷ ናት። ታነከን ብዙ ደም ስለፈሰሳት ከአልጋ መነሣት አቃታት፤ ቄሱ ሳያውቅ በጀልባ ለማምለጥ ያሰቡትም ቀረ። ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሕፃኑን እንደማያስጠምቁት ቄሱ ካወቀ ዮስን በእሳት መቃጠል፣ ታነከንን በወንዝ መስጠም ይጠብቃቸዋል።

«ስማኝ ዮስ፣» አለችው ጎዴሊቭ። «ሲወለድ ሊሞት ስለነበር እኔው አጠመቅሁት እላለሁ። ለአዋላጅ ይፈቀዳል፤ ቄሱም አይደግመውም።»

«ሊሞት ነበር? በዚህ ጉሮሮው?» ልጁ ቤቱን በጩኸት አናግቶታል።

«አትቀልድብኝ!»

«እትዬ፣ እኔ አልዋሽም። ከጠየቀኝ ውሃ አልነካውም እላለሁ። ታነከንም እንደዚያው።»

«አንተ ሰማዕት ሁን፤ ማን ከለከለህ! ይሄን የሦስት ቀን ልጅ ግን ማን ጠየቀው?»

ዮስ ማገዶ ላምጣ ብሎ ወጣ።

ጎዴሊቭ ለብ ያለ ውሃ በእፍኟ ቀድታ በሕፃኑ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አፈሰሰች፤ የጥምቀቱንም ቃል አለች። ሊሞቱ ላሉ ሕፃናት ስንቴ ብላዋለች። ቀና ስትል ታነከን ዓይኗን ገልጣ እያየቻት ነው።

«ጩኺ፣ ከፈለግሽ፣» አለቻት።

ታነከን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዮስ ማገዶውን ሳያስቀምጥ ቄሱ ወሬ ሰምቶ ደረሰ።

«አንቺ ጎዴሊቭ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅሽ ጠፋ! እግርሽ ነው የደከመው ወይስ ምላስሽ?»

«ልጁ ደካማ ነበር አባ። እዚሁ አጥምቄዋለሁ።»

ዮስ አፉን ሲከፍት ታነከን ቀደመችው። «አጥምቃዋለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንተስ?» አለው ቄሱ።

ዮስ የሕፃኑን እርጥብ ፀጉር አየ። «ሚስቴ ዋሽታ አታውቅም፣» አለ።

ቄሱ ባርኳቸው ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ዮስ ነገሩን ሁሉ ለማኅበሩ ተናገረ። ሲናገር አለቀሰ። ሽማግሌያችን ጎዴሊቭን አቁሞ፣ «እናቴ፣ ተጸጽቻለሁ በይ። ሌላ አንጠይቅሽም፣» አላት።

«አልተጸጸትኩም። እንግዲህ ልዋሽላችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ከእኛ ጋር እንዳትበላ፣ ሰላም እንዳትባል ወስነን ለየናት። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ሚስቴ ያኔ ስምንተኛ ወሯን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ምስጢራችንን የሚያውቅ ሌላ አዋላጅ አልነበረንም።