ንጹህ ግልባጭ

በምንሠራበት ፍርድ ቤት ባልደረባዬን ሁሉም ሰው «ላውንደሪ» ይላታል። የምስክሮችን ቃል ከቴፕ እያዳመጥን በጽሕፈት መኪና የምንገለብጠው እኔና እሷ ነን፤ ጠረጴዛችን ከአንድ መስኮት ሥር ጎን ለጎን ነው። ሳሉን፣ «እ...»ውን፣ «እንትን»ን፣ ምስክሩ ተሳስቶ ያረመውን ሁሉ አጥባ አስጥታ ታወጣዋለች። ደንቡም ይኸው ነው፤ የታረመው ብቻ ይጻፋል። የእኔ ግልባጭ ከእሷ ጎን ሲቀመጥ ያልታጠበ ካልሲ ነው። ዳኞቹም ሳያፍሩ ነግረውኛል።

እቤቷም ያው ነች። ባሏ ወሬ ሲጀምር «ዋናውን ንገረኝ» ትለዋለች። ልጇ ደግሞ «አባዬ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ዋናውን እየፈለገ ነው» እያለች ታሾፍባታለች።

ባለፈው ሰኞ ግን ሰላሟ ጠፋ። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ የአንድ ግድያ ውሳኔ ረቂቅ እንድትተይብ ላኩላት። ተከሳሹ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት በአንድ ጫማ ሰፊ የዓይን ምስክርነት ብቻ ነው። ዳኛው ከሦስት ዓመት በፊት ራሷ የገለበጠችውን ቃል አንብበው «ምስክሩ ያለ አንዳች ማመንታት ለይቶታል» ብለዋል። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃታት። ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች፣ ሻይዋ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። እኔንም አቅበጠበጠችኝ።

«ምን ነካሽ?» ብላት እጄን ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደችኝ።

«ችሎት ውስጥ ተከሳሹን ከሁለት ሰዎች መሀል አቁመውት ነበር» አለችኝ። «ጫማ ሰፊው ቴፑ ላይ መጀመሪያ ‹ያ ዳር ያለው› አለ። ዐቃቤ ሕጉ ‹በደንብ እያቸው› ሲለው ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ‹አይ፣ መሀል ያለው ነው› አለ። እኔ የመጨረሻዋን ብቻ ጻፍኩ።»

«ተይው እባክሽ» አልኳት። «ደንቡን ነው የተከተልሽው። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶሽ በገዛ እጅሽ ጣጣ አታምጪ።» እንዲህ ብዬ መምከሬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ሰውየው እኮ እስር ቤት ነው ያለው» አለችና ወደ ዳኛው ቢሮ ወጣች። ተከተልኳት።

ዳኛው ሁሉንም ሰምተው ቴፑ እንዲመጣ አዘዙ። መዝገብ ቤቱ ቴፑ ተደምስሶ ሌላ ክስ እንደተቀዳበት መልስ ላከ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «እንግዲያው ቃሏን ተቀበዪ» አሉኝ። እዚያው ባለው የጽሕፈት መኪና ላይ ወረቀት አስገባሁ።

«ከሦስት ዓመት በፊት የሰማሽውን ነው?» ብለው ጠየቋት። «ከዚያ በኋላ ስንት መቶ ቴፕ አዳምጠሻል? ‹ዳር ያለው› ማለቱን እርግጠኛ ነሽ?»

አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ጣራውን አየች፣ እጇን አየች። እኔ በሆዴ «በይ እንጂ!» እላለሁ፤ ለሰውየውም ለእሷም የሚበጀው አንድ ፈጣን «አዎ» ነበር።

«አዎ... ይመስለኛል። አይ፣ እርግጠኛ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

«እርግጠኛ ነኝ» ብዬ ተየብኩ። ለካ ከኋላዬ መጥታ ወረቀቱን እያነበበች ነው።

«እህቴ፣ እንዲህ አይደለም ያልኩት» አለችኝ። «ዝም ማለቴንም ጻፊው።»